ከቃሉ በፊት ያለው ድምፅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈታ እንጂ ጆሮዬ አልፈታም። ሰመራ ላይ ነፋስ ቆርቆሮ ሲመታ የየትኛው ግቢ ቆርቆሮ እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ገላፊ የሚሄድ የጭነት መኪና ጭኖ ይሁን ባዶውን፣ መስኮት ሳልከፍት እለያለሁ። የተለየ ተሰጥኦ ኖሮኝ አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በጦር ሠራዊት ውስጥ የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ፣ የሩቅ ሰው ድምፅ ሳዳምጥ ነው።

እሁድ እሁድ ሎግያ አስቀድሼ ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ከደጀን ይደውልልኛል። ከእሱ በኋላ እናታችን ስልኩን ተቀብላ መጀመሪያ ታስላለች፣ ከዚያ ሙቀቱ እንዴት እንዳደረገኝ ትጠይቀኛለች። በዚህ ክረምት ግን እናቴ ወደ ስልኩ መምጣት ተወች። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ተባልኩ። በሚቀጥለው ተኝታለች ተባልኩ። ከዚያ ደግሞ ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ አይሰማትም ተባለ። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ደህና ናት፣ እታለም። እግዚአብሔር ይመስገን።»

እኔ ይህን «ደህና» ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ከማወቄ በፊት፣ የት እንደሰማሁት ልናገር።

ከደጀን የወጣሁት ገና ኮረዳ ሳለሁ ነው። እናቴ ማተቤን በአዲስ ክር ቀየረችልኝና «በሰላም ግቢ» ብላ ፊቷን አዞረች። ዓባይን ቁልቁል ወርጄ ስሻገር ጥቂት ዓመት አገልግዬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ሥልጠናውን ጨርሼ አዋሽ ተመደብኩ። ከባቡር ጣቢያው ወዲያ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት የብሎኬት ክፍል ነበረችን። ከውስጥ ሬዲዮና ባትሪ፣ ከውጭ በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ የሽቦ አንቴና። ሥራችን በቆላው የተበተኑትን ትንንሽ የጥበቃ ቦታዎች ጠዋትና ቀትር በየተራ እየጠራን፣ ያሉበትን ሁኔታ ተቀብለን ለአዛዡ ማድረስ ነው። ደመወዙ እህል ይገዛል፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማረኝ ሻለቃ ባሻ ወልዴ ነው። ሁላችንም ባሻ ብቻ ነበር የምንለው። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩም አጭር የሆነ የመንዝ ሰው ነበር። ሬዲዮው ፊት ሲቀመጥ ቆቡን ያወልቃል። መነጋገሪያውን ከመንካቱ በፊት በንጹሕ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ሲጨርስም ይጠርገዋል። አንድ አዲስ ልጅ «ባሻ፣ የመስቀል ያህል አከበሩት» ብሎ ቢቀልድበት፣ «የሰው ትንፋሽ የሚገባበት ዕቃ ነው» አለውና ጨርቁን ሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጠርገው ያ ልጅ ሆነ።

የባሻ ትምህርት አንድ ነበር። «ቃሉንማ ማንም ይሰማዋል» ይለኝ ነበር። «አንቺ ከቃሉ በፊት ያለውን ስሚ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው መነጋገሪያውን ተጭኖ አፉን እስኪከፍት ድረስ ትንሽ ክፍተት አለች። በዚያች ክፍተት ሰውየው ያለበት ቦታ ሁሉ ይገባል። አንዱ ቦታ ጀነሬተር አለው። አንዱ ቦታ ፍየል ይጮኻል። ሰፈሩን በድንኳን የሠራ ሰው ከሆነ፣ ሸራው በነፋስ ተነፍቶ ጧ ሲል ይሰማል፤ ሸራ እንደ ቆርቆሮ አይደለም፣ መጀመሪያ ትንፋሽ ይስባል፣ ከዚያ ይመታል። ውሎ አድሮ ማን እንደሆነ ሳይናገር በፊት ማወቅ ጀመርኩ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ከጎኑ ሰው ቆሞ እንደሚያዳምጠው አወቅሁ።

ሁለተኛው ልማዱ ይህ ነው። ሁሉም ተራቸውን ከመለሱ በኋላ ባሻ ሬዲዮውን ወዲያው አይዘጋም። «ሌላ አለ?» ይላል። ከዚያም አባታችን ሆይ በልብ የሚደገምበትን ያህል ዝም ብሎ ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ አሸዋ በወንፊት እንደሚነፋ ያለ ድምፅ፣ አንዳንዴም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የባዕድ ቋንቋ። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ወታደር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ባሻ፣ አንድ ነገር ረስቼ…» ይላል። ዋናው ነገር ያን ጊዜ ነው የሚወጣው። እኛ እናመሰግንና «ተቀብያለሁ» እንላለን። በእኛ ሥራ አንድ ነገር ተነግሮ አበቃ የሚባለው «ተቀብያለሁ» ሲባል ነው።

ከአዋሽ በኋላ ጣቢያችን አዳይቱ አጠገብ ወዳለ ኮረብታ ተዛወረ። የባሻ አንድ ልጁ ደረጀም ወታደር ነበረና፣ ከኮረብታው ግማሽ ቀን መንገድ ርቆ አንድ የውኃ ጉድጓድ ከሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች ጋር ተመደበ። እናቱ ሕፃን ሳለ ነው የሞተችበት፤ በየካምፑ አብሮት እየዞረ ያደገ ልጅ ነው። ረጅም ነው፣ ውኃ ሲቀዳ ይዘፍናል፣ በሬዲዮ ከመናገሩ በፊት ደግሞ ምራቁን እንደሚውጥ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ባሻ በሥራ ሰዓት «ልጄ» አይለውም ነበር። እኔ ግን ያቺ ትንፋሽ ስትሰማ ትከሻው ዝቅ ሲል አየው ነበር።

የጉድጓዱ ሬዲዮ ኦፕሬተር አሥር አለቃ ገዛኸኝ ነበር። ሰውን በማስመሰል የታወቀ ቀልደኛ ነው። አንድ ጊዜ የአዛዣችንን የሻምበል አበራን ድምፅ አስመስሎ፣ በሬዲዮ ወጥ ቤቱን ሥጋ እጥፍ አድርግ ብሎ አዘዘው። ሥጋው እጥፍ ሆነ፣ ተበላ። ሻምበሉ ሲሰማ ከሳቀ በኋላ ቀጣው። ባሻ ደግሞ፣ «አንተ ልጅ፣ በሰው ድምፅ ስትጫወት አንድ ቀን የራስህ ይጠፋብሃል» አለው።

በኮረብታው በር ላይ ሐመዱ የሚባል አፋር የግመል ወተት ያመጣልን ነበር። አፋር ከአፋር ጋር ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ተቀምጠው ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ የታመመውን፣ የሞተውን አንድ ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ። ያየውን አየሁ ይላል፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይላል። መቀነስም ማሳመርም ነውር ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ነን። የእኛ አገር ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ መጀመሪያ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ እሳቱን የሚያነሣው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። ሞት ሲሆንማ ጨርሶ አንናገርም። መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ከሩቅ ላለ ሰው ወር ሙሉ ይደበቃል።

አንድ ጠዋት ሐመዱ ወተቱን ሳያወርድ ተቀመጠ። ዘበኛችን አፋርኛ ያውቅ ነበርና ተረጎመልን። «ጉድጓዱ ጋ ያለው ረጅም ወታደር፣ የሚዘፍነው፣ እሳት ይዞታል። ውኃ ሲሰጡት አይውጥም። ሰዎቹን አያውቃቸውም። የእህቴ ልጅ በዓይኑ አይቶ ነው የነገረኝ።»

ባሻ ያን ጠዋት ባትሪ ሊያመጣ ወርዶ ነበር። ሮጬ ለሻምበል አበራ ነገርኩ። «ጉድጓዱን ጥሪ» አለኝ፤ ጠራሁ። መነጋገሪያው ተከፈተ። ከቃሉ በፊት ብዙ ሰው የቆመበት ዝምታ ነበር። ከዚያ ገዛኸኝ፣ «ደረጀን ትንሽ ወባ ነካ አድርጎታል፣ ኪኒን ወስዷል፣ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሻምበሉ እጁን አጣጠፈ። «በሬዲዮ የሰማነውን ትተን በእግር የመጣ ወሬ እንመን?» አለ። መኪናው ለውኃ ይፈለግ ነበርና ሳይላክ ቀረ። ባሻ ማታ ሲመለስም የተነገረው ያው «ትንሽ ወባ» ብቻ ነው። በኋላ እንደተረዳነው ደህና ነው በሉ ያለው ራሱ ደረጀ ነው። «አባቴ በሬዲዮ ሰምቶ እንዳይደነግጥ» ብሎ፣ ራሱን ከመሳቱ በፊት ገዛኸኝን አስምሎታል።

በማግስቱ መንገዱ ተቆረጠ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድ ቁራጭ ደመና አልነበረም። በእኛና በጉድጓዱ መካከል ያለው ደረቅ ወንዝ ግን ከምንም ተነሥቶ በደራሽ ውኃ ሞላ። ደጋ ላይ የዘነበ ነው፤ ቀለሙ የአገራችን አፈር ነው። ፀሐይ እያቃጠለን ቆመን፣ ውኃው ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ሲያሳልፍ አየን።

ውኃው ሳይጎድል ሐመዱ በላይ በኩል ዞሮ መጣ። ወተት አልያዘም። የእኔንና የዘበኛውን ፊት እያየ ተናገረ። «ረጅሙ ሞቷል። ግራር ሥር ቀብረውታል፤ ድንጋይ ያመጡላቸው የእኛ ሰዎች ናቸው። ይህን ግማሹን አይቻለሁ፣ ግማሹን ሰምቻለሁ። ያየሁት መቃብሩን ነው።»

ቀትር ሆኖ ነበር። ባሻ ከውስጥ ጥሪ ጀምሯል። ገብቼ ከኋላው ቆምኩ። መርዶ እንዴት ብዬ እኔ ልናገር? ሌሎቹ ቦታዎች በየተራ መለሱ። የጉድጓዱ ተራ ደረሰ። ባሻ፣ «ደረጀን አቅርብልኝ» አለ።

መነጋገሪያው ተከፈተ። የደረጀ ድምፅ መጣ።

«ደህና ዋሉ፣ ባሻ። ተሽሎኛል።»

ማተቤን ጨበጥኩ። እኔ የደረጀን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ያ የደረጀ ድምፅ ነበር። አጠራሩ፣ የአፍንጫው ቃና፣ ሁሉም። መቃብሩን ያየው ሰው ውጭ ተቀምጧል፣ ሟቹ ከሬዲዮው ውስጥ ይናገራል። ከውጭ ሙቀቱ ምድሩን አንሥቶ፣ የሩቅ ግመሎች እግራቸው መሬት ሳይነካ ሲሄዱ በበሩ ይታዩኛል። የቱ እውነት እንደሆነ ለማወቅ ቸገረኝ።

ባሻ አልተንቀሳቀሰም። «ትበላለህ?» አለ።

«እበላለሁ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን። በርታ።» ከዚያም እንደ ልማዱ፣ «ሌላ አለ?»

ጠበቀ። አባታችን ሆይን እኔም በልቤ ደገምኩ፤ ጨረስኩ፤ እንደገና ጀመርኩ። አሸዋው ይነፋል። ባሻ «ተቀብያለሁ» አላለም። ሬዲዮውን ዘጋ፣ መነጋገሪያውን ጠረገ፣ ጨርቁን አጣጠፈ፣ ፈትቶ እንደገና ጠረገ።

በማግስቱም ቀትር የሞተው ልጅ ተናገረ። በማግስቱም። አባትየው ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ ይጠይቀዋል፤ ድምፁ ይመልሳል። ካምፑ ሁሉ ያውቃል፣ ካምፑ ሁሉ ዝም ብሏል። ወጥ ቤቱ ለባሻ ከድስቱ ደህናውን ይመርጥለታል። ወታደሮቹ እሱ ሲያልፍ ጨዋታ ያቆማሉ፣ ወንበር ያቀብሉታል፣ ሳይጠይቅ ሻይ ያመጡለታል። ሰው ሁሉ ደግ ሲሆንበት እንደማየት የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። እሱም ለሁሉም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል።

ውኃው ሲጎድል መኪናው ሄዶ የጉድጓዱን ሰዎች ይዞ ገባ። ሻምበል አበራ ሽማግሎችን ከአዳይቱ አስመጥቶ በማለዳ ወደ ባሻ ክፍል አመራን። ሳናንኳኳ በሩ ክፍት ነበር። ባሻ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቆ ለብሶ፣ ደጃፉ ላይ ለእኛ መቀመጫ ደርድሮ ቆሟል።

«ግቡ» አለ። «ስጠብቃችሁ ነበር።»

ባሻ በመካከላችን አልፎ፣ ከሁሉ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቆመው ገዛኸኝ ሄደ። የሁለቱንም እጆቹን ያዘ።

«ልጄ ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን ይውጣል» አለው። «አንተ አትውጥም። የመጀመሪያዋን ቀን ነው ያወቅሁት። ብቻህን ይህን ያህል ቀን ተሸክመኸው ከረምክ። ደክሞሃል፣ ልጄ። በል አሁን በራስህ ድምፅ ተናገር።»

ገዛኸኝ ተናገረ። ልጁን አቅርብልኝ ሲባል መርዶ በሬዲዮ አይነገርምና የሚለው ጠፍቶት፣ ድምፁ ሳያስበው ከአፉ እንደወጣ፣ አንዴ ከወጣ በኋላ መመለሻ እንዳጣ ነገረን። ባሻ እስኪጨርስ ቆሞ ሰማው። ከዚያ «ተቀብያለሁ» አለና ያን ጊዜ ለእኛ ከደረደረው መቀመጫ በአንዱ ላይ ተቀመጠ።

ለደረጀ ፍትሐት ከመቃብሩ ላይ ተደረገለት። ገዛኸኝ ከዚያ ወዲያ ማንንም ሲያስመስል አልሰማሁም፤ ሬዲዮም አልያዘም።

ባሻ ወደ ሥራው ሲመለስ ያደረገው ነገር ሕግ ሆኖ ቀረ። «ደህና» የሚለው ቃል ከጥሪያችን ወጣ። መጀመሪያ የታመመ ይነገራል፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ መንገድ፤ ሰላምታ መጨረሻ ላይ ነው። ለሻምበሉ ሲያስረዳ፣ «እንደ ሐመዱ ሰዎች እንሁን» ነበር ያለው። ሻምበል አበራም ራሱ ሐመዱን በጥላው ሥር አስቀምጦ ዳጉውን ከጥሪው እኩል መስማት ጀመረ። አንድ ቀን እየሰማው ሳለ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ሐመዱ ዝናብ ስለ መዝነቡ ነበር የሚናገረው።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሰመራ ተዛወርኩ፤ ሃምሳ አለቃ ሆኜ ብዙ ልጆች በዚያው ሕግ አሠለጠንኩ። ባሻ አገሩ ገብቶ በክብር ዐረፈ። አሁን ሁሉም ሰው ስልክ በኪሱ ይዞ ይዞራል፣ የእኔ ሙያ የሚያስፈልገው የለም። የጡረታ ወረቀቴን ተቀብዬ እዚሁ ቀረሁ። ደጀን ብርዱን አልቻልኩትም እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ። እናቴ ግን በየእሁዱ ትጠይቀኝ ነበር፤ ለፋሲካ እመጣለሁ እላት ነበር።

ወደዚህ ክረምት ልመለስ። ጎረቤቴ ሰዓዳ የወሎ ሰው ናት፤ ሻይ ቤት አላት። ሠላሳ ጠብ ተጣልተን ሠላሳ ጊዜ የታረቅን ነን። በዚህ ክረምት ግን ሰዓዳ መጣላት አቆመች። ሻይ ቤቷን ጥላ እየመጣች ከጎኔ ትቀመጣለች። «ብዪ እንጂ እህቴ፣ ቀምሰሽ ዋይ» ትለኛለች። ምን ሆነሻል ስላት «ምንም፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ በሩ ታያለች። ካህኑም ከቅዳሴ በኋላ እጄን ከሌላው ጊዜ አስረዝመው ያዙኝ። ደግነቱን አወቅሁት። አዳይቱ ላይ አይቼዋለሁ።

እሁድ ሙሉጌታ ደወለ። ስልኩን አንሥቼ ዝም አልኩ፤ ከቃሉ በፊት ያለውን ሰማሁ። ድሮ በዚያች ክፍተት ውስጥ የእናቴ ሳል ነበረ፤ የለም። ዶሮዎቿም የሉም። ከሩቅ የብዙ ሰው ጉርምርምታ አለ። ከዚያም በላይ የሆነ ነገር ትንፋሽ ስቦ ጧ አለ። ሸራ ነው። በእናቴ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

ሙሉጌታ እንደ ልማዱ ጀመረ። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ጤፉ ተዘርቷል፣ እማማ ደህና ናት፣ ጎረቤት ሄዳ ነው እንጂ። ድምፁ ቀጭን ክር ሆኗል። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት እናቴን አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ገዛኸኝን ነበር። ሙሉጌታ ይህን ስንት እሁድ ብቻውን ተሸከመው?

«ሌላ አለ?» አልኩት።

አባታችን ሆይን በልቤ ጀመርኩ። ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች፣ እንዲሁም በምድር ትሁን የሚለው ላይ ስደርስ ሸራው አንዴ መታ። ሙሉጌታ ስልኩን አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም።

«እታለም» አለ፤ «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አንተ ንገረኝ። ደክሞሃል።»

ነገረኝ። መቼ እንደታመመች፣ ማን ከአጠገቧ እንደነበረ፣ መጨረሻ ላይ ስሜን እንደጠራች፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንዳረፈች፣ ዛሬም ዐርባዋን እያወጡ እንደሆነ። አንድ ሳያስቀር፣ በራሱ ድምፅ ነገረኝ። እያለቀሰ ነበርና እስኪጨርስ ብዙ ቆየ።

ደጃፌ ላይ ሰዓዳ ቆማ ነበር፤ ከኋላዋ ካህኑና የሰፈሩ ሰዎች። መርዶው ቀድሞ ደርሷቸው፣ ለዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሊያረዱኝ ተቀጣጥረው ኖሯል። ወንድሜን እየሰማሁ ነጠላዬን ዘቅዝቄ መልበሴን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ግቡ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። ወንድሜ በመስመሩ ላይ አሁንም ይጠብቀኛል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ተቀብያለሁ» አልኩት።